የረቡዕ ቆሻሻ

«ሱቺን እናቴን አስተምራታለሁ ትላለች። ወንበር ምን ይማራል?»

ዌንቦ ይህን ያለው ለሚስቱ ነው። ታይፔ ሆኖ ለእህቱ ደውሎ የሚናገረውን ሲጨርስ ስልኩን የዘጋው መስሎት ነበርና፣ ቃሉ አገር አቋርጦ ታይናን ከተማ፣ ሁለት ሞተር ሳይክል ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ካለ ቤት ደርሶ በሱቺን ጆሮ ጥልቅ አለ። ከዚያ በፊት የነገራት አጭር ነበር። እንደተባባሉት ሐሙስ ሊመጣ አይችልም፤ መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ጠርቷል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ በፈጣኑ ባቡር ይመጣል፤ የአረጋውያን ማቆያውም ሐሳቡን ቀይሮ አልጋውን የምይዘው እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው ስላለ ቅጹን ፈርመው ይጨርሳሉ። ሱቺንም ለሐሙስ የገባችውን ቃል ለዛሬ ደገመችው፤ «ና ብቻ ወንድም ጋሼ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በዓይንህ ታያለህ። ካላየህ እኔ ራሴ ቀድሜ እፈርማለሁ» አለችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን «ወንበር» የሚለውን ስትሰማ ስልኩን ግድግዳ ላይ ትፈጠፍጠው ነበር። ሱቺን ግን ሳቀች። ሳቋ ከንዴት ሳይሆን እንቅልፍ ከነሳት ደስታ የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ትናንት፣ ለአሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ሲሆን፣ ወንበር የተባለችው እናቷ ከወንበሯ ተነስታ ቆማለች። የጠረጴዛውን ጠርዝ በግራ እጇ ይዛ፣ አራት እስኪቆጠር ድረስ። አምስት ወር ሙሉ፣ ስትሮክ ከመታት ጀምሮ፣ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ያላት፣ አንድ ቃል ያልወጣት፣ ሐኪሙ «ዕድሜያቸውም ገፍቷል» ብሎ በትህትና የተዋት ሴት ናት። ሱቺን ያንን ስታይ የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወድቆ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ያየችው እሷ ብቻ መሆኗ ነው፤ ጎረቤቱ በሙሉ በዚያ ሰዓት ቆሻሻውን ይዞ ውጭ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቺን ቀን ቀን ከፊት ለፊት ባለችው ክፍል ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፤ ዚፑ መቶ ሃምሳ የታይዋን ዶላር፣ የተማሪ ዩኒፎርም ከሆነ መቶ ሃያ። ሰኞ ማታ ደግሞ ከጎረቤቷ ከእትዬ ሃይታንግ ጋር በሰፈሩ የማታ ኮሌጅ የሥነ ልቡና ትምህርት ትከታተላለች። መምህር ፓን የሚባለው ልጅ እግር አስተማሪ ሰውም እንስሳም እንዴት እንደሚማር ያስረዳል። ምልክቱ ይመጣል፣ ከምልክቱ በኋላ ጥሩ ነገር ይከተላል፣ ይህ ደጋግሞ ሲሆን ገላ ራሱ ምልክቱን ይጠብቃል። የተሸለመ ሥራ ይደገማል፤ ያልተሸለመ እየደበዘዘ ይጠፋል። ትልቁን ነገር ባንዴ አትጠይቁ፣ ትንሿን ሸልሙ፣ ነገ ትንሽ ጨምራችሁ ጠይቁ ይላል። ሱቺን ይህን ስትሰማ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለቱ ነው ብላ ለራሷ ተረጎመችው። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጣቸው፤ በቤታችሁ አንድ ልማድ ምረጡና ለውጡ። እትዬ ሃይታንግ ባሏን መረጠች። ካልሲውን ቅርጫት ውስጥ በከተተ ቁጥር አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ትሰጠዋለች፤ ሰውየው እስከ ዛሬ አልነቃም፤ ኦቾሎኒ የምትሰጠው ስለወደደችው ይመስለዋል።

ሱቺን ምን እንደምትመርጥ ሳታውቅ ነው የሰነበተችው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የቆሻሻ መኪናው ዜማውን እያሰማ ከቅያሱ አፍ ሲደርስ፣ የእናቷ የቀኝ እግር ጣቶች በነጠላ ጫማው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አየች። ወዲያው ገባት። እናቷ አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ዜማ እየሰማች ወጥታለች። መኪናው ቆሞ አይጠብቅም፤ ቆሻሻን በር ላይ አስቀምጦ መሄድ የለም፤ ዜማው ሲሰማ ከረጢትህን ይዘህ መሮጥ፣ በገዛ እጅህ መወርወር ነው። እናቷ ደግሞ ከቅያሱ ሴቶች ሁሉ ቀድማ የምትወጣ፣ ዘግይቶ የወጣውን «ምሳህን ነው ገና የምትበላው?» እያለች የምታሳፍር ነበረች። አንጎሏ ሌላውን ሁሉ ቢጥለው እንኳ ይህንን እንዴት ይጥላል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቺን በሠላሳ አምስት ዶላር ጣፋጭ የአኩሪ አተር ፑዲንግ እየገዛች፣ ዜማው ሲመጣ እግር ከተንቀሳቀሰ አንድ ማንኪያ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እጅ የወንበሩን ክንድ ከጨበጠ አንድ ማንኪያ፤ ከዚያ መቀመጫ ከወንበሩ ብድግ ካለ አንድ ማንኪያ እያለች፣ ሁሉንም በደብተር እየጻፈች፣ ትናንት መቆም ደረሰች።

ስልኩን ዘግታ፣ እንደ ልማዷ ከእናቷ ፊት ለፊት ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የትናንቱን ቅጠል ገነጠለች። ረቡዕ የሚል ወጣ። ሱቺን ቅጠሉን እንደያዘች ቀረች።

ረቡዕ እኮ መኪናው አይመጣም። ረቡዕና እሑድ የቆሻሻ ሠራተኞቹ ዕረፍት ነው፤ ይህንን በዚህ ከተማ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቀዋል። በዕለተ ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታያለህ ብላ ቃል የገባችው እሷ ብቻ ናት። መልሳ ብትደውልለት ሰበብ አበዛች ይላል፤ የአልጋው ቀጠሮ ደግሞ ለነገ አያድርም። ወዲያው ግን ከሁለት ሳምንት በፊት በመስኮት በኩል ዜማውን በስልኳ መቅዳቷ ትዝ አላት፤ ተመስገን ብላ እናቷን በስኳር ድንች የተሠራ የሩዝ አጥሚቷን አጠጣችና ስልኩን ከፈተችው።

እናቷ መጀመሪያ ስልኩን አየች። ከዚያ ልጇን አየች። እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ሱቺን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ ምንም። ማንኪያውን እያሳየች በሦስተኛው ስታጫውት እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን ጨፈነች። ሱቺን ዜማውን አጠፋችው። ምግብ ሳያስከትል ደጋግሞ የተደወለ ደወል ተራ ጫጫታ ይሆናል ተብሎ ክፍል ውስጥ የተማረችው ትዝ አላት፤ የሦስት ሳምንት ልፋቷን በገዛ እጇ እያጠፋችው ነው ማለት ነው። መምህር ፓን ዘንድ ደወለች። እሱም እንዳትደግሚው አላት። ምልክት ብቻውን አይመጣም፣ ከነጓዙ ነው፤ እናትሽ የለመዱት ዜማውን ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ጉርምርምታ፣ የብረት በሮቹን መከፈት፣ የጎረቤቱን ነጠላ ጫማ፣ የከረጢቱን ኮሽታ ጭምር ሊሆን ይችላል ብሎ አስረዳት። እሱ ይህን ያላት እንድትተወው ነበር። እሷ ግን እንድታዘጋጀው የነገራት መሰላት፤ ከዚያ በኋላ የሚይዛት አልተገኘም።

የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወጣች። ፑዲንግ ከምትገዛበት ማዕዘን ላይ የመስኮት መረብ ጠጋኙ የጉዎሎንግ አሮጌ መኪና ቆማለች፤ ጣሪያዋ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ «መረብ እናድሳለን፣ በር እንጠግናለን» እያለ ሰፈሩን ያሰለቻል። ሱቺን የምትፈልገውን ስትነግረው ጉዎሎንግ የሚያኝከውን ረስቶ አፈጠጠባት። በረቡዕ ያንን ዜማ ባጫውት ሰዉ ይገድለኛል፣ ያንን የሰማ ሰው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስልሻል ወይ ብሎ ተከራከረ። ሱቺን ለመነች፤ የዓመት ሱሪውን በነጻ አሳጥራለሁ አለች፤ የእሱ ሱሪ ግን ልኩ ነው። በመጨረሻ እውነቱን ነገረችው፤ ዛሬ ማታ እናቴን ይወስዷታል አለችው። ጉዎሎንግ ማኘኩን ቀጠለ፣ ዋጠ፣ አፉን ጠረገ።

«እናትሽ አንድ ጊዜ በደረቅ ቆሻሻ ውስጥ የዓሣ አጥንት ቀላቅለሃል ብለው በሰው ፊት ልክ ልኬን ነግረውኛል» አለ። «በስንት ሰዓት ልምጣ?»

እትዬ ሃይታንግን ማሳመን አላስፈለገም፤ ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ቅያሱን በር በር አንኳኩ። ለአሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ሲሆን በርህን ከፍተህ ከረጢት ይዘህ ውጣ፣ ባዶም ቢሆን ጋዜጣ ሙላበት፣ እንደ ዘወትሩ አውራ። አንዱ ሳቀ፣ አንዷ አለቀሰች፣ አንድ ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ ይህ ሕዝብን ማደናገር አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እትዬ ሃይታንግ «ቢሆንስ?» አለችው። አሥራ ሁለት በር ተንኳኩቶ አሥራ ሁለቱም እሺ አለ። ሱቺን ወደ ቤቷ ስትመለስ እየሮጠች ነበር፤ ለምን እንደምትሮጥ ግን አታውቅም፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ዌንቦ አሥር ተኩል ላይ ደረሰ፤ የታይፔ ኬክ በካርቶን፣ ቅጹን በፕላስቲክ ክላሰር ይዟል። ከበሩ አጠገብ ጫማውን አውልቆ «እማ፣ መጣሁ» አለ፣ ከእናቱ ይልቅ ወደ ወንበሩ እግር እያየ። ሱቺን ወንድሟን ክፉ ሰው ነው ብላ አታውቅም። በየወሩ የመድኃኒቱን ግማሽ ሳያጓድል ይልካል። አሁን ሲቀመጥ ግን ጀርባውን ለእናቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናዋ አዙሮ መሆኑን አየች፤ ፈርቷታል። ሻይ ቀዳችለት። ማቆያው በወር ሠላሳ ስምንት ሺ ዶላር ነው አለ፤ መስኮቱ ወደ አትክልቱ ነው፤ ነርስ ሌሊቱን ሁሉ አለች፤ ሱቺንም ታርፋለች። እጅሽን አየሁት፣ አርጅቷል አለ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። የቀን መቁጠሪያውን ቅጠል ማራገቢያው ያንቀሳቅሰዋል፤ እናታቸው ከወንበሯ ሆና አንዱንም ሌላውንም ትመለከታለች፤ ማንም ግን አላስተዋላትም።

«ታያለህ ያልሽው ምንድን ነው?» አለ ዌንቦ ሰዓቱን አይቶ።

«ትንሽ ጠብቅ።»

«ሱቺን፣ እኔም ቢድኑልኝ ደስ ይለኛል እኮ። ግን ራስሽን አታታልይ።»

ይህን ሲል ዜማው ተሰማ። ጉዎሎንግ አላሳፈራትም፤ ድምፅ ማጉያው ቅያሱን ሞላው፣ ሞተሩም ከሥሩ ያጉረመርማል። የብረት በሮች ተራ በተራ እየተንኳኩ ተከፈቱ፤ ነጠላ ጫማ ተንጣጣ፤ የእትዬ ሃይታንግ ድምፅ «ሽንኩርት ደግሞ ተወደደ አይደል?» እያለ ከሁሉም በላይ ጎላ። ከዚያ ሱቺን ያልጠበቀችው ሆነ። ከጎረቤት ቅያሶች፣ ምንም ካልተነገራቸው ቤቶች፣ ሰዎች ከረጢታቸውን አንጠልጥለው እየሮጡ መጡ፤ አንዱ ሳሙና ከፊቱ ሳይታጠብ፣ አንዷ ማንኪያ እንደያዘች። ረቡዕ ነው ብሎ የቆመ አንድም የለም፤ ዜማው ጠራቸው፣ እግራቸው ታዘዘ። ዌንቦም ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ለሃያ ዓመት ቆሻሻውን በአሳንሰር የሚያወርድ የታይፔ ሰው፣ ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ ወደ ማድ ቤት ገባ፣ ከመታጠቢያው ሥር ከረጢቱን ጎትቶ አወጣ፣ አፉን አስሮ በካልሲው ወደ በሩ ሮጠ።

ሱቺን ዞር ብላም አላየችው። ማንኪያውን ሞልታ ከእናቷ ፊት ተንበርክካ እግሯን ታያለች። ትናንት በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ነበር ጣቶቹ የተንቀሳቀሱት። ስንኙ አለቀ፤ ሁለተኛው ጀመረ። እጅም የወንበሩን ክንድ አልጨበጠም። «እማ» አለች በሹክሹክታ፤ «እማዬ፣ ተነሽ እንጂ፤ መኪናው መጣ፤ አምልጦሽ ያውቃል እንዴ?» ፑዲንጉ ከማንኪያው ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። ዜማው ዞሮ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። እናቷ አልተነሳችም። ሱቺን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጽ አየች፤ ቀድሜ እፈርማለሁ ያለችውን አሰበች፤ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ገባትና ራሷን በእናቷ ጉልበት ላይ ደፋች።

ከራሷ በላይ አንድ ድምፅ ሲንተባተብ ሰማች። ምላስ ከላንቃ ጋር እየታገለ ነበር። ቀና ስትል እናቷ የምታየው እሷን ሳይሆን በሩ ላይ ከረጢት ይዞ የቆመውን ዌንቦን ነው፤ ቅንድቧ በዚያ ዘግይተው የሚወጡትን በምታሳፍርበት ዓይነት ተቋጥሯል።

«ዌን… ቦ» አለች እናቷ። «የት… ነው? ዛሬ… ረ… ቡዕ ነው።»

ውጭ ዜማው ቀጥሏል። በቅያሱ አፍ ከአርባ የሚበልጥ ሰው ከረጢት ይዞ የመስኮት መረብ ጠጋኝ መኪና ከቦ ይጨቃጨቃል፤ የተማረው፣ ጤነኛው፣ ምስጢሩ ያልተነገረው ሁሉ ተታሏል፤ ሳይነገራት ያልተታለለች አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ትማር ዘንድ አትችልም የተባለችው። ሱቺን በዚያች ቅጽበት ደስታና እፍረት አንድ ላይ ያዟት። ጠዋት ስልኩን አይታ ፊቷን ያዞረችው ለካ ስላልሰማች ሳይሆን ስለናቀችው ነው። ዜማው እግሯን ቀስቅሶት ይሆናል፤ ትናንት የተነሳችው ግን እሷ ራሷ አስባበት ነው፤ ማክሰኞ ስለነበረ። ወንድሟ እናቱን ወንበር ብሎ ጠራት፤ እሷ ራሷስ ምን አደረገች? በማንኪያ ስታሠለጥናት ሰነበተች እንጂ አንድ ቀን እንደ ሰው አላናገረቻትም።

ዌንቦ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። መጥቶ ከእህቱ ጎን ተንበረከከ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት፤ እንባው ወረደ። አፉ ግን እየሳቀ ነበር። «እማ፣ ረቡዕ መሆኑን ረሳሁት» አለ። እናቱ ከረጢቱን በአገጯ እያመለከተች «ወደ ውስጥ… ይሸታል» ለማለት ታገለች፤ ነገሩ ስለገባቸው አላስጨረሷትም።

ሱቺን ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረችው። የእናቷን የቀኝ እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ከስትሮኩ ወዲህ ሐኪም፣ ወንድ ልጇ፣ ሴት ልጇ፣ ጎረቤት በዚህች ሴት ጉዳይ ሲማከር ከርሟል፤ እሷን የጠየቀ ግን አልነበረም።

«እማዬ፣ ወንድም ጋሼ የአረጋውያን ቤት አልጋ አግኝቷል። አትክልት አለው፤ ነርስም አለ። አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ?»

ውጭ ጉዎሎንግ ዜማውን አቋርጦ በድምፅ ማጉያው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሰዉ ተሳድቦ ሲያበቃ መሳቅ ጀምሯል። እትዬ ሃይታንግ በበሩ ስንጥቅ አንገቷን አስግጋ ታያለች። የሱቺን እናት ግራ እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘርግታ ጠርዙን ጨበጠች፤ ዜማ ሳይኖር፣ ማንኪያ ሳይታያት፣ ከወንበሩ ብድግ አለች። ሱቺን ልትደግፋት ስትል ዌንቦ ክንዷን ያዛት።

«ነገ… ሐሙስ ነው» አለች እናታቸው እንደቆመች። «ቆሻሻውን… እኔ ነኝ… የማወጣው።»

ዌንቦ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ማቆያው ዘንድ ደውሎም አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡት አላቸው።